በመስታወት የተማርኩት ዓለም

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ ጉልበቴ «በቃኝ» አለኝና አንድ አዲስ ካፌ በረንዳ ላይ አረፍ አልኩ። ድሮ በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ለማስታወስ ብሞክር አልመጣልኝ አለ። የዛሬው ፒያሳ እንዲህ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ እንደ ሳሎን ወለል ተወልውሏል፣ ሲመሽ መብራቱ ሠርግ ቤት ያስመስለዋል። አምሯል፤ አላማረም ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም። እኔ ግን ሳትኖር ዕቃዋን እንዳዘዋወሩባት የቤት እመቤት፣ እጄን ዘርግቼ የለመድኩትን ጥግ እፈልጋለሁ። ማኪያቶ አዘዝኩ። ዋጋውን አልነግራችሁም። በእኛ ጊዜ በዚያ ብር ማኪያቶውን ብቻ ሳይሆን ባንኮኒውንም ከነአሳላፊው ይዞ መሄድ ይቻል ነበር።

አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። ፍቅረኞች መስለውኝ በጨዋ ደንብ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለካስ ጥያቄና መልስ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይፈተናሉ፤ ጠቅላላ እውቀት።

«የአውስትራሊያ ዋና ከተማ?» አላት።

«ሲድኒ።»

«ካንቤራ ነው፣ ልጄ» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ ስልኩን አየና ሳቀ። «እማማ፣ ሌላም ልጠይቅዎት?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። የአፍሪካ ትልቁ ሐይቅ፣ ለፀሐይ ቅርቧ ፕላኔት፣ የብራዚል ዋና ከተማ፤ እሱ ሲያነብ እኔ ሳወርድ፣ ልጅቷ ማኪያቶዋን ረስታ ታየኝ ጀመር። ቀጠለና «ቻድ ከሱዳን በየት በኩል ናት?» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኝ እጄን አነሣሁ፣ መልሼ አወረድኩት፣ ግራዬን አነሣሁና «በምዕራብ» አልኩ።

«ትክክል። ግን እማማ፣ እጅዎን ምን እያደረጉት ነው?» አለች ልጅቷ።

ምን ብዬ ላስረዳት? ለእነሱ አሳጥሬ ነገርኳቸው፤ ፈተና አለባቸው፣ ጊዜያቸውን አልሻማም። ለእናንተ ግን እንደ ልቤ ላስረዝመው።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጋሽ ተሰማ ይሉታል። ሱቁ ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሙዚቃ ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። እናቴ ገና ድክ ድክ ስል ስላረፈች እኔ ያደግሁት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ተራ በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ጡጦዬንም ፊደሌንም የጨረስኩት እዚያ ነው። በስተግራ ከልብስ ሰፊው መኪና የሚመጣው ተክ ተክ፣ በስተቀኝ ከሙዚቃ ቤቱ የሚለቀቀው ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይገባ ነበር። አዲስ ሸክላ የወጣ ሰሞን አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግሙታል። አባቴ ምሬቱ ሲበዛ «ይቺ ዘፋኝ የሄደባትን ሰውዬ እኔ በእግሬ ፈልጌ ባመጣላት ትተወኝ ነበር?» ይል ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን ታክሲ ውስጥ ስሰማ የሚሸተኝ የጸጉር ቅባትና የመላጫ ሳሙና ነው።

አሁን የሱቁን አቀማመጥ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ደንበኛው በሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት፣ ከጣልያን ዘመን የቀረ ነው የሚባል፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ትልቅ መስታወት ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ልክ ከአግዳሚው በላይ፣ አንድ የጉዞ ወኪል ደንበኛ በስጦታ ያመጣለት የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። እንግዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ካርታውን የሚያየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነውም ጀርባችንን ለካርታው ስለሰጠን የምናየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። አባቴም የደንበኛውን ጭንቅላት ይዞ ወደ ኋላ መዞር ስለማይችል በሚዶው የሚያመለክተው መስታወቱን ነው። መስታወት ደግሞ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ያደርጋል። ይህንን በዚያ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ አንድም ሰው ልብ ብሎት አያውቅም።

እንዲያውም የባሰ አለ። አባቴ ራዲዮ አጥብቆ ይሰማል። ነፃ የወጣች ወይም ስሟን የቀየረች አገር ካለች የዚያኑ ለት ከወረቀት ቁራጭ ቆርጦ፣ አዲሱን ስም ጽፎ፣ በአሮጌው ላይ ይለጥፋል። ሲጽፍም ደንበኛው በመስታወት ማንበብ እንዲችል ብሎ ፊደሉን ገልብጦ ነው፤ ፊደሉ እንደሚገለበጥ ያውቃል፣ አገሮቹም አብረው እንደሚገለበጡ ግን አስቦት አያውቅም። ዳሆሜይ ቤኒን የተባለች ቀን ሦስት ወረቀት አበላሽቶ በአራተኛው እንደተሳካለት አስታውሳለሁ። ተገልብጣ የተጻፈችውን «ቤኒን» ለጥፎ፣ ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ ቀጥ ብላ ስትነበብለት የተደሰተውን ደስታ ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ። ሰው ለሌላው ብሎ እንዲህ ሲለፋ እንዴት አይወደድም!

የሱቁ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነበር። ማንም ደንበኛ ጥያቄ ሳይመልስ ከወንበሩ አይነሣም። አባቴ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ፣ ምላጩን በቆዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አፋጭቶ፣ የሰውየውን አገጭ ቀና ያደርግና «የዓለም ረጅሙ ወንዝ?» ይላል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሆኖ የማይመልስ ማን አለ? የመለሰ ሽቶ ይነሰነስለታል። ያልመለሰ ያለ ሽቶ ይሸኛል፤ ሽቶ ሳይሸት የወጣውን ሰው ሰፈሩ በሙሉ «ዛሬ ማን ጣለህ?» እያለ ሲተርበው ይውላል። የጊዮርጊሱ ዲያቆንና ጴንጤው የሳይንስ መምህር በሃይማኖት ነገር ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው የሳተርን ቀለበት ከምን እንደተሠራ ሲከራከሩ ጆሮዬ ሰምቷል።

የሥራ ፈላጊ ነገር ያኔም እንዲሁ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወጣት ሁሉ ጠዋት አራት ኪሎ ይወጣል፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንገቱን አስግጎ ያነባል፣ ከሰዓት ፒያሳ ይወርዳል። ፈተና ሲደርስ የአባቴ ሱቅ ትሞላለች። ተፈትኖ የወጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መጥቶ የመጣውን ጥያቄ በቃሉ ይዘረግፋል፤ አባቴም ለሚቀጥሉት ያስተላልፋል። የዛሬ ልጆች በስልክ የሚያደርጉትን እኛ በፀጉር ቤት እናደርገው ነበር። ጉዱ ግን፣ ከሚሞሉት ልጆች አብዛኞቹ ፀጉር አይቆረጡም። ዘመኑ የአፍሮ ነው! ቤልቦተም ሱሪያቸው መሬት ይጠርጋል፣ ጸጉራቸው በር አያስገባም። አባቴ በፍቅር እያያቸው «እናንተ ልጆች ጭንቅላታችሁን በውስጥም በውጭም አሳደጋችሁት፤ ፀጉር አስተካካይ ታዲያ ምን ይብላ?» ይላቸው ነበር።

እንዲህ እየቀለደ ነው ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሚዶ ሲያነሣ ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ ይርገበገባሉ። ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ በግራው ቀኙን ደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሠራል። ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር፤ ሐኪሙ የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ፣ እየባሰ እንደሚሄድ በደግ ቃል ነገረን። ደንበኞች ቀስ እያሉ ቀነሱ። የሰፈር ሰው ጨዋ ነው፤ ጉንጩ ሲቆረጥ «ምንም አይደል ጋሽ ተሰማ» ብሎ ደሙን በመሐረብ ይይዝና ከፍሎ ይወጣል። በሚቀጥለው ግን መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ሥዩም ዘንድ ይገባል። ሥዩም ከአባቴ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሙያውንም በከፊል ከአባቴ የለመደ ሰው ነው። አባቴ በመስኮቱ የገዛ ደንበኛውን እዚያ ማዶ ወንበር ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞርና «ከሞሮኮ በስተደቡብ ማን አለች፣ አጽዬ?» ይለኛል። እኔም ወዲያው እመልስለታለሁ።

«አባዬ፣ ለምን አትተወውም? እኔ የሆነ ሥራ እይዛለሁ» አልኩት አንድ ቀን።

«የሆነ ሥራ አይባልም» አለኝ። «እኔ ይሄን መቀስ የማስቀምጠው አንቺ መንግሥት ቤት የገባሽ ለት ነው። ከዚያ በፊት ሰው 'እጁ ከድቶት ተወው' እንዲል አልፈልግም። 'ልጁ ደርሳለት ተወው' ይበሉኝ።»

አያችሁ፣ ለእኔ ፈተናው ይኼ ነበር። ሥራ ማግኘት ብቻ አይደለም። አባቴ ቀና ብሎ ከዚያ ሱቅ የሚወጣበት በር እኔ ነበርኩ፤ እኔ ከወደቅሁ ደግሞ እጁ ጨርሶ እስኪከዳው፣ የመጨረሻው ደንበኛ እስኪሄድበት እዚያው መቆሙ ነው።

ማስታወቂያው የወጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ይፈልጋል፤ ፈተናው የጽሑፍ፣ ጠቅላላ እውቀት። ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ። በመንገድ ሳልፍ ልብስ ሰፊው መርፌውን በከንፈሩ ይዞ «ቴሌፎንን የፈለሰፈ?» ይለኛል። ሙዚቃ ቤት ያለው ልጅ ዘፈኑን አቋርጦ «የጃፓን ገንዘብ?» ይላል። ቦምቦሊኖ ልገዛ ኬክ ቤት ብገባ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ የጣልያን ከተሞችን ካላስቆጠረኝ አይሰጠኝም። ሳልመልስ የምሻገረው መንገድ ጠፋ። ማታ ማታ ደግሞ አባቴ አግዳሚው ላይ ያስቀምጠኝና በመስታወቱ ውስጥ አፍሪካን እናዳርሳለን፤ እሱ በሚንቀጠቀጥ ሚዶ ይጠቁማል፣ እኔ እጠራለሁ። ትምህርት ቤትም ካርታ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፤ ግን ከመምህሩ ቁምሳጥን ኋላ ተጠቅልሎ የሚኖር፣ ሹም ሲመጣ ብቻ የሚዘረጋ ነበር። ሰው አጥንቱ ውስጥ የሚገባው ልጅ ሆኖ በየቀኑ ያየው ነው።

የፈተናው ቀን ጠዋት የጎረቤት ጫማ ተጫምቼ፣ ጉልበት የሚሸፍን የራሴን ቀሚስና ልብስ ሰፊው በነፃ ያጠበበልኝን ኮት ለብሼ፣ ከአባቴ ጋር በሰይቼንቶ፣ በዘመኑ ትንሿ የፊያት ታክሲ፣ ወደ አራት ኪሎ ወጣን። በእግር የሚደረስ ነው፤ እሱ ግን «ዛሬ ላብ አይነካሽም» ብሎ እምቢ አለ። አዳራሹ በር ላይ ግንባሬን ሳመኝና «አትቸኩዪ። ሁሉንም ታውቂዋለሽ» አለኝ።

በእውነትም አውቀው ነበር። ወንዙ፣ ተራራው፣ ፈልሳፊው፣ የፕላኔቱ ተራ፣ አንዱም አልከበደኝም። እየሳቅሁ ነው የሠራሁት ብል ውሸት አይሆንም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ስም ያልተጻፈበት የአፍሪካ ካርታ አገኘሁ። በየአገሩ ላይ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ትይዩ የአገሩን ስም መጻፍ ነው። ነጥቡም ከሁሉም ጥያቄ የሚበልጠው የእሱ ነው። ካርታውን አየሁት። እንግዳ ሰው ሆነብኝ። ቀንዱ በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ወጥቷል፤ ሆዱ በስተቀኝ መነፋት ሲገባው በስተግራ ተነፍቷል። ያኔ የፈተና ወረቀት የሚባዛው በስቴንስል ነበርና ስቴንስሉ በጀርባው ተገልብጦ የታተመ መሰለኝ። አዝኜላቸው እጄን አነሣሁ።

ፈታኙ መጣ። ክራቫቱን አንገቱ ድረስ ያጠበቀ፣ ፊቱ የማይፈታ ወጣት ነው። «ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ካርታው ተገልብጦ ታትሟል» አልኩት በሹክሹክታ።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ካርታው ከተገለበጠ ታዲያ ቁጥሩ ለምን አልተገለበጠም?» አለኝና ሄደ።

እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበት ቀን የለም። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ወረቀቱ ትክክል ነው። እንግዲያው የተገለበጥኩት እኔ ነኝ። የአባቴ ሱቅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ መስታወቱ፣ ካርታው፣ ተገልብጣ የተጻፈችው ቤኒን። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ፤ መግባቱ ግን አልጠቀመኝም። አገሮቹን አንድ በአንድ ላዞራቸው ብሞክር አንዱ ሲዞር ሌላው ይጠፋብኛል፤ ጋናን ሳስቀምጥ ናይጄሪያ ትሄዳለች። ሰዓቱ ይነጉዳል። አባቴ ውጭ በር ላይ ቆሟል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ አንድ ነገር ታየኝ። አግዳሚው ላይ እንዳለሁ ሆኜ ወደ ኋላ ብዞር ካርታውን በቀጥታ አየዋለሁ! ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ ፈተና ላይ መሆኔን ረስቼ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ጣቴንም ወደ ላይ ቀስሬ በሐሳቤ ግድግዳው ላይ መቁጠር ጀመርኩ።

ወረቀቴ ከፊቴ ሲነጠቅ ነው ዓይኔን የገለጥኩት። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ሌባ ያየኛል። «ተነሺ» አለኝ ፈታኙ። አዳራሹ ሁሉ ቀና አለ። ተነሥቼ ተከተልኩት።

የፈተናው ኃላፊ ቢሮ አስገባኝ። ኃላፊው ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ጥግ ላይ አንዲት ጸሐፊ ታይፕ ትመታለች። ፈታኙ «ወደ ኋላ ዞራ ስትኮርጅ ያዝኳት» ብሎ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

«ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«ዞሬያለሁ፣ ጋሼ። ግን አልኮረጅኩም። ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር።»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ለምን ዞርሽ?»

እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኳቸው። ፀጉር ቤቱን፣ መስታወቱን፣ አግዳሚውን፣ አባቴ ፊደል ገልብጦ የሚለጥፈውን። ስነግራቸው ለራሴም ተረት መሰለኝ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይህን የመሰለ ሰበብ በአገልግሎት ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ውሸት ከሆነ ደግሞ የፈጠራ ችሎታሽ ከመዝገብ ቤት በላይ ነው።»

የታይፑ ድምፅ ቆመ። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ ከፑድራዋ ጋር ያለችውን ትንሽ መስታወት አወጣችና «ጋሼ፣ ለምን አንሞክራትም?» አለች። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሏል። ጀርባዬን ለካርታው ሰጥቼ ቆምኩ፤ መስታወቷን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ የማውቃት አፍሪካ ቀንዷን ወደ ግራ፣ ሆዷን ወደ ቀኝ አድርጋ ብቅ አለች። የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ሰውየው በእስክሪብቶ ካርታውን ይነካሉ፣ እኔ ሳልዞር እጠራለሁ። ማሊ። ቻድ። ጋቦን። ዛምቢያ። ፈጠን አደረጉ፣ ፈጠን አደረግሁ። አንዲት አገር ነክተው «ዳሆሜይ» ብለው ሊያሳስቱኝ ቢሞክሩ «እሷ አሁን ቤኒን ናት» አልኳቸው። ያኔ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ወረቀቴን መለሱልኝ። «ያቋረጥንብሽን ጊዜ እዚሁ እኔ ፊት ተቀምጠሽ ጨርሺ» አሉኝ። ጸሐፊዋ መስታወቷን ከወረቀቴ ጎን አቆመችልኝ፤ ቀና ብዬ ኃላፊውን አየሁ። «መስታወት ይዞ መፈተን የሚከለክል ደንብ አላውቅም» አሉና ወደ ሥራቸው አቀረቀሩ። ካርታውን በመስታወት እያየሁ፣ ስሙን በወረቀት ላይ እየጻፍኩ ጨረስኩ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ዓለም ላይ ደንብ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ደንብን እንዲህ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ስወጣ አባቴ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። «ከበደሽ?» አለኝ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ፊቴን ሲያየው ግን አልቻልኩም። እየሄድን ሁሉንም ነገርኩት። ወደ ፒያሳ ወረድን። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ቆመና «ታዲያ አጽዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስንቱን የሰው ልጅ አሳሳትኩት?» አለ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ነበር፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «አባዬ፣ ሁሉም እኮ ሥራ ይዘዋል» አልኩት። «አገሮቹን አልሳቱም፤ የሳቱት ቀኝና ግራቸውን ብቻ ነው።» በነጋታው ስገባ ካርታውን ነቅሎ ከመስታወቱ አጠገብ ሰቅሎታል፤ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የማያውቀው አገር እንደገባ ሰው ግራ ተጋብቶ ያየዋል። የለጠፋቸውን ስሞች አንድ በአንድ አንሥቶ እንደገና፣ በዚያ እጁ፣ ቀጥ አድርጎ ጻፋቸው።

ውጤቱን መጠበቅ ምን እንደሚመስል የጠበቀ ያውቀዋል። በየጠዋቱ አራት ኪሎ እወጣለሁ፤ ሰሌዳው ባዶ ነው፤ እመለሳለሁ። አባቴ አይጠይቀኝም። አንድ ቀን ከሚቆርጠው ሰው ጆሮ ላይ ደም ወጣ። ሰውየው በመሐረቡ ያዘው፤ አባቴ ግን ወደ ጓዳ ገብቶ ብዙ ቆየ። ያን ለት ሰሌዳው ላይ ስሜ ካልወጣ ምን እንደምሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ከራሴም በላይ የፈራሁት ለእሱ ነው።

እና ወጣ። አንድ ማለዳ፣ ሰው እየተጋፋ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቼ፣ አጸደ ተሰማ የሚለውን ስም አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከአራት ኪሎ ፒያሳ እየሮጥኩ መጣሁ፤ ጫማው የሰው መሆኑን እንኳ ረሳሁ። አባቴ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ፎጣ ያጥፋል።

«ወጣ!» አልኩት፣ ትንፋሽ አጥሮኝ።

«ስምሽ?»

«ስሜ።»

«ከነአባትሽ ስም ነው የጻፉት?»

«አጸደ ተሰማ ብለው።»

ፎጣውን አጥፎ ጨረሰ። ነጩን ጋዋኑን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ኮቱን ለበሰ፣ በሩን ቆለፈ፣ እኔን እጄን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሥዩም ቤት ገባን። ሱቁ ጢም ብሏል፤ ግማሾቹ የእኛ ደንበኞች የነበሩ ናቸው። አባቴን ሲያዩ አንዳንዱ አንገቱን ሰበረ። ሥዩም ሚዶው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አባቴ ባዶውን ወንበር አየና ሄዶ ቁጭ አለ። በሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲላጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እጁ ከከበደው ጀምሮ ራሱን መላጨትም ትቶ ጢሙ አድጎ ነበር።

«ሥዩም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ልጄ መንግሥት ቤት ገብታለች። ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛህ ነኝ። እስቲ አሳምረህ ላጨኝ።»

ሥዩም ነጩን ጨርቅ አለበሰው። ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ቀስ ብሎ ቀባው። አባቴ ለወራት ከጎኑ ጋር አጣብቆ ሲደብቀው የኖረውን ቀኝ እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣና ወንበሩ ክንድ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠው። እንደልቡ ተንቀጠቀጠ። እሱም አልያዘው። አንዲት እንባ በአረፋው መካከል መንገድ ከፍታ ስትወርድ አየሁ፤ ሥዩምም አየ። አይቶ እንዳላየ ሆኖ ምላጩን በዚያው መንገድ አሳለፈው።